ለማን ይድረስ? የኩላሊት እጥበትና የሞራል ፍልስፍና

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞራል ፍልስፍና ነው። ሰው ተገቢውን ካልተገባው በምን ይለያል? ፈላስፎች ለዚህ ጥያቄ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መልስ ሲሰጡ፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሲሞግት ኖረዋል። እኔ የምጀምረው ከፈላስፎቹ ሳይሆን ከአንድ ሆስፒታል ነው። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ፣ በ1962፣ ሰባት ሰዎች እየተሰበሰቡ ሞት ከተፈረደባቸው ሕመምተኞች መካከል ማን እንዲተርፍ ይወስኑ ነበር። ታሪኩ ለማስተማሪያ የተፈጠረ ሳይሆን በእርግጥ የተፈጸመ ነው። ዋና ዋናዎቹ የሥነ ምግባር አስተሳሰቦች በዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚፈተኑ አብረን እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። ኩላሊት ደምን ያጣራል። ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውነት ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሕመምተኛው ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ይህ ሕመም እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ መላ አልነበረውም። የመጀመሪያውን በር የከፈተው ቪለም ኮልፍ የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ነው። አገሩ በናዚ ጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ ሆኖ፣ የሕመምተኛውን ደም ከሰውነቱ አውጥቶ፣ አጥቦ የሚመልስ ማሽን ሠራ። ዕቃ ማግኘት ጭንቅ በነበረበት በዚያ ጊዜ ለማጣሪያነት የተጠቀመው ቋሊማ የሚጠቀለልበትን ሴሎፋን ነበር። በ1943 ሕመምተኞችን ማጠብ ጀመረ፤ ብዙዎቹ ሞቱበት። በ1945 ግን ራሷን ስታ የመጣች አንዲት የ67 ዓመት ሴት ነቅታ ተነሣች።

የኮልፍ ማሽን ኩላሊታቸው ለጊዜው ለደከመባቸው ሰዎች ይጠቅም ነበር። ጨርሶ ሥራ ላቆመ ኩላሊት ግን አይሆንም። በእያንዳንዱ እጥበት ደም ቅዳውና ደም መልሱ ተቆርጦ ቱቦ ስለሚገባበት፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ቱቦ የሚገባበት ጤነኛ የደም ሥር አይቀርም። ይህን ቋጠሮ የፈታው ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር ነው። በ1960 ከመሐንዲሱ ከዌይን ኩዊንተን ጋር ሆኖ ከቴፍሎን የተሠራ ትንሽ ቱቦ በሕመምተኛው ክንድ ላይ እንዲኖር አደረገ። ቱቦው ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አገናኝቶ እዚያው ይቆያል፤ በእጥበት ቀን ተፈትቶ ከማሽኑ ጋር ይያያዛል፤ እጥበቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይገጠማል። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ክላይድ ሺልድስ ሞቱ ተቃርቦ የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

ጭንቁ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መላ ባልነበረበት ዘመን በኩላሊት ሕመም የሞተውን ሰው እንዲሞት የመረጠው ሰው አልነበረም። አሁን ግን መላው ተገኘ፤ የሚደርሰው ደግሞ ለጥቂቶች ነው። በጃንዋሪ 1962 በሲያትል የተከፈተው የሰው ሠራሽ ኩላሊት ማዕከል የነርሶች መኖሪያ በነበረ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ አልጋዎቹም በጣት የሚቆጠሩ። አንድን ሰው ለአንድ ዓመት ማጠብ ከ10 ሺህ ዶላር ያላነሰ ይፈጃል፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ይህ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ነበር። ሕክምናው ከተቋረጠ ሰውየው ስለሚሞት፣ አንድ ጊዜ አልጋ የያዘ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ አንዱን መቀበል ማለት ሌላውን ለዓመታት መመለስ ማለት ነበር።

ሐኪሞቹ ይህን ብቻቸውን ሊሸከሙት አልፈለጉም። በአካባቢው የሐኪሞች ማኅበር አማካይነት ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንድ ጠበቃ፣ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ፣ አንድ የባንክ ባለሙያ፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ አንድ የሠራተኞች ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ሐኪም። ስማቸው ለሕዝብ አልተገለጠም። የሕመምተኞቹም ስም ለእነርሱ አልተነገረም። በመጀመሪያ የሐኪሞች ቡድን ያጣራል፤ ከ45 ዓመት በላይ የሆነ አይገባም፣ ሕፃንም አይገባም። ከዚያ ያለፉት ሰዎች ማኅደር ለሰባቱ ይቀርባል።

በምን እንደሚለኩ የነገራቸው አልነበረም። መለኪያውን ራሳቸው አወጡ፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ ሀብት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የመንፈስ ጽናት፣ ያለፈ ታሪክ፣ ወደፊትም ለኅብረተሰቡ ይሰጣል ተብሎ የሚጠበቅ አገልግሎት። በኖቬምበር 1962 ጋዜጠኛዋ ሻና አሌክሳንደር ላይፍ በተባለው ዝነኛ መጽሔት ላይ ጉዳዩን አወጣችው። አንባቢው ባየው ነገር ደነገጠ። የኮሚቴው አባላት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በነገሩ ይጨነቁ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሂሳብ ውስጥ ገብተው ነበር፦ ሁለት አባወራዎች ቢቀርቡ፣ የአንዱ ልጆች ሦስት የሌላው ስድስት ቢሆኑ፣ የቱ ይሙት? የሦስት ልጆች እናት ባሏ ቢሞት ሌላ ባል የማግኘት ዕድሏ ከስድስት ልጆች እናት ይሻላል፤ እንግዲያው ስድስት ልጆች ያሉት ይትረፍ።

አድማጮቼ፣ ይህን ሂሳብ ስትሰሙ ውስጣችሁ ቅር ካለው፣ ቅር ያለው ለምንድን ነው? ሂሳቡ እኮ ስለ ልጆች ማሰብ ነው። ክፋት የለበትም። የሞራል ፍልስፍና ሥራው ይህን የመሰለውን ቅሬታ ይዞ ምንጩን መፈለግ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ኮሚቴው ሳያውቀው ይከተለው የነበረው አስተሳሰብ ባለቤት አለው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ድርጊት መልካም የሚሆነው በሚያመጣው ደስታና በሚያስቀረው ሥቃይ መጠን ነው ብሎ አስተማረ። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1861 አስተሳሰቡን አሻሽሎና አጥርቶ አቀረበው። ይህ የጠቃሚነት አስተምህሮ ይባላል። በዘመኑ የነበረውን ድንቅ ነገሩን ልንክድበት አይገባም፤ የመኳንንት ደስታና የባሪያ ደስታ በአንድ ሚዛን እንዲቀመጥ ጠይቋል። እነ ቤንታም እስር ቤትና ቅጣት እንዲሻሻል፣ እነ ሚል ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የታገሉት ከዚሁ መርሕ ተነሥተው ነው።

ሆኖም መርሑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን ዊልያም ጎድዊን በ1793 በግልጽ አሳይቶናል። ቤት ይቃጠላል፤ ውስጡ ፌኔሎን የተባለው ዝነኛ ሊቀ ጳጳስና ጸሐፊ ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጋር አለ፤ ማዳን የሚቻለው አንዱን ብቻ ነው። ጎድዊን ሊቀ ጳጳሱ ይዳን አለ፤ መጽሐፉ ለብዙ ሺህ ሰው ይጠቅማልና። ሠራተኛዋ እናትህ ብትሆንስ? አሁንም ሊቀ ጳጳሱ ይዳን። ሰባቱ የሲያትል ሰዎች ጎድዊንን ያነበቡ አይመስለኝም፤ ግን የቆሙት እሱ በቆመበት ደጃፍ ነው።

በእኔ አመለካከት እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛው ለራሱ ለጠቃሚነት አስተምህሮም ስሕተት ነው። አንድ ሰው ወደፊት ለዓለም የሚሰጠውን ጥቅም ማን ያውቃል? ጠበቃውና የባንክ ባለሙያው ሲገምቱ፣ ጠቃሚ መስሎ የታያቸው እንደ እነርሱ የኖረው ሰው ነው፤ ያገባ፣ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ በማኅበር የሚሳተፍ። በ1968 ሁለት አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ይህን ነቅሰው አውጥተዋል። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮን የመሰለ ሰው፣ ያላገባ፣ ከከተማ ወጥቶ ኩሬ ዳር ጎጆ የቀለሰ፣ ግብር አልከፍልም ብሎ የታሰረ ሰው፣ በዚያ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ተስፋ እንደሌለው ጻፉ። እኔም ልጨምር፤ ቤንታም ራሱ አላገባም፣ ልጅም አልነበረውም። አሁን የምናነሣው አማኑኤል ካንትም እንዲሁ። በዚያ ሚዛን ሁለቱም ወድቀው ይመለሱ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ጠለቅ ይላል። ግምቱ ትክክል ቢሆንስ? ኮሚቴው የእያንዳንዱን ሰው የወደፊት ጥቅም ሳይሳሳት ቢያውቅ ኖሮ ቅሬታችን ይጠፋ ነበር? የእኔ አይጠፋም።

አማኑኤል ካንት በ1724 ኮኒግስበርግ በተባለች የፕሩሲያ ከተማ ተወልዶ፣ እዚያው አስተምሮ፣ በ1804 እዚያው የሞተ ፈላስፋ ነው። በ1785 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ በዓለም ላይ ያለውን ነገር በሁለት ከፈለው፤ ዋጋ ያለውና ክብር ያለው። ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ሊተካ ይችላል፤ በሬ ቢሞት በገንዘቡ ሌላ በሬ ይገዛል። ሰው ግን ዋጋ የለውም፤ ክብር ነው ያለው። ክብር ማለት ምትክ የሌለው ማለት ነው። ስለዚህ ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መያዝ ክልክል ነው፤ ዓላማው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን። ባለትዳሩን፣ ነጋዴውን፣ ብቸኛውን ሥራ ፈት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጦ ነጥብ መስጠት ካንት ያሰመረውን መስመር መጣስ ነው። ሰዎቹን በዋጋ መተመን ነውና።

የካንት ተቺዎች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ ተገቢ ነው። እሺ፣ ሁሉም እኩል ክቡር ናቸው፤ አልጋው ግን አንድ ነው። የክብር ትምህርት አልጋው ለማን ይሰጥ እንደሆነ አይነግረንም። ለማንም አይሰጥ ማለት ደግሞ ሁሉንም መግደል ነው። እዚህ ላይ አንዳንዶች ከካንት መንገድ ተመልሰው ወደ ሂሳቡ ይገባሉ። በበኩሌ መንገዱ እዚያ አያልቅም እላለሁ። ቀጣዩን መንገድ አንድ የመርከብ አደጋ ታሪክ ያሳየናል።

በ1841 ዊልያም ብራውን የተባለች መርከብ ከሊቨርፑል ወደ ፊላደልፊያ ስትጓዝ ከበረዶ ቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከመጠን በላይ ሰው የጫነችው የነፍስ አድን ጀልባ ልትሰጥም ሆነ። መርከበኞቹ ተሳፋሪዎችን እየያዙ ወደ ባሕር ወረወሩ። ከመርከበኞቹ አንዱ፣ ሆልምስ የተባለው፣ በ1842 ፊላደልፊያ ውስጥ ለፍርድ ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ። ዳኛው የተናገረው ነገር ዛሬም ድረስ በሕግና በፍልስፍና ትምህርት ቤት ይነሣል፤ ሰው መቀነስ የግድ ቢሆን እንኳ ለጀልባው ሥራ የማያስፈልጉት ሰዎች ዕጣ መጣጣል ነበረባቸው። በ1970 ጄምስ ቺልድረስ የተባለው የሥነ ምግባር ሊቅ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኩላሊት ማሽን አመጣው። ሐኪሞች ማሽኑ ሊረዳቸው የሚችሉትን ሰዎች ይለዩ፤ ከዚያ በኋላ በእነርሱ መካከል ዕጣ ይውጣ፤ ወይም በመጡበት ተራ ይግቡ።

ለእኛ ዕጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ማትያስ በአስቆሮቱ ይሁዳ ምትክ የገባው በዕጣ ነው። በየሰፈሩ ያለው ዕቁብ የሚሄደው በዕጣ ነው። ዕቁብተኞች ዕጣ የሚጥሉት ማንን እንደሚወዱ ስለማያውቁ አይደለም፤ ሁሉም እኩል ከፍለዋልና ማንም በማንም ላይ ቅድሚያ እንዳይይዝ ነው። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ የተናቀ ግን አይመስለውም። የሲያትሉ ኮሚቴ ያልመረጠው ሕመምተኛ ግን የሰማው ሌላ ነገር ነው። ተመዝኖ ቀሎ መገኘቱን ነው የሰማው። ከሞት ጋር ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ ሕይወትህ ከጎረቤትህ ሕይወት ያንሳል ተባለ። በዕጣ የቀረውም በኮሚቴ የተመለሰውም ሕመምተኛ ይሞታሉ፤ በአሟሟታቸው መካከል ያለው ልዩነት ግን ለእኔ ትልቅ ነው።

ዕጣን የሚነቅፉ ሰዎች የሚሉትንም መስማት አለብን። ፈላስፋው ኒኮላስ ረሸር በ1969 የኅብረተሰብ ጥቅምና የቤተሰብ ኃላፊነት ከግምት ውስጥ ይግቡ ብሎ ተከራክሯል። አራት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናትና ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ ሰው እኩል ዕጣ ይጣሉ? ዕቁባችን ራሱ ለዚህ ጥያቄ ዝግ አይደለም። ሐዘን ወይም ሕመም የደረሰበት አባል ሲለምን፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ፈቅዶ ይለቅለታል። ልብ በሉ፤ ይለቅለታል እንጂ አይነጠቅም። በዕቁብ ግን ያልደረሰው ሰው ነገ ይደርሰዋል፤ በኩላሊት ዕጣ የተሸነፈው ነገ የለውም። ስለዚህ ሕመምተኛ ለሌላው እንዲለቅ ልንጠይቀው አንችልም። ረሸር ያነሣው የልጆች ጉዳይ ይከብደኛል፤ ቀላል ነው አልልም። ሆኖም የእናቲቱን ልጆች መቁጠር ከጀመርን ጎረቤቷን ልጅ ስላላገኘ ልንቀጣው ነው። ከዚያ ደግሞ ገቢውን፣ ቀጥሎም የመንፈስ ጽናቱን መቁጠር ይመጣል። ሲያትል ውስጥ የሆነው ይኸው ነው።

ተራ መጠበቅም ቢሆን ንጹሕ ዕጣ አይደለም። ቀድሞ የሚደርሰው ስለ ሕክምናው ቀድሞ የሰማ፣ ሐኪም ዘመድ ያለው፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያላጣ ሰው ነው። ይህን እያወቅን ተራን እንደ ፍትሕ ብንይዘው ራሳችንን እናታልላለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ ግሪክ እንመለስ። አርስቶትል ፖለቲካ በተሰኘው ሥራው ውስጥ ዋሽንት ለማን ይሰጥ ብሎ ይጠይቃል። ለሀብታሙ? ከትልቅ ቤተሰብ ለተወለደው? ለመልከ መልካሙ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ዋሽንት በደንብ ለሚነፋው ይሰጣል፤ የተሠራው ለዚያ ነውና። አንድን ነገር በትክክል ለማከፋፈል ነገሩ ለምን እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለቱ ነው። የኩላሊት ማሽን የተሠራው ደም ለማጠብ ነው። እንግዲያው ሊጠየቅ የሚገባው ማሽኑ ይህን ሰው ሊረዳው ይችላል ወይ የሚለው ብቻ ነው። ልጅ አለው ወይ፣ ይጸልያል ወይ የሚለው የዋሽንት ነፊን መልክ እንደ መጠየቅ ነው።

አርስቶትል የሚያስተምረን ሌላም አለ። ለእርሱ ሥነ ምግባር ከሁሉ በፊት የሰውን ጠባይ ይመለከታል። ፍትሐዊ የምንሆነው ፍትሐዊ ነገር እየሠራን ነው፤ የምንደጋግመው ሥራ እኛኑ ይሠራናል። በዚህ ዓይን ስናየው፣ ያ ክፍል ለሰባቱ ሰዎች ለራሳቸው ምን አደረጋቸው? ስማቸውን ሸሽገው፣ የሚፈርዱበትን ሰው ፊቱን ሳያዩ፣ ማኅደር ሲያገላብጡ ኖሩ። ስማቸው መሸሸጉ ከጫና ይጠብቃቸው ነበር፤ አድልዎን መከላከሉም መልካም ነው። ግን ማንም ስለ ውሳኔው ሊጠይቃቸው አልቻለም። የሰው ሕይወት ላይ የሚወስን ሰው ምክንያቱን ተናግሮ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ፍርድ ቤት እንኳ አንድ ማሳ ሲከራከሩበት ምክንያቱን ጽፎ ይሰጣል።

ፊትን ስለማየት ካነሣን፣ አንድ ታሪክ አለ። የኑክሌር መሐንዲስ የነበረው አልበርት ባብ በዚያው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከስክሪብነር ጋር ይሠራ ነበር። የአንድ ወዳጁ ልጅ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ተማሪ፣ ኩላሊቷ ሥራ አቆመ። ኮሚቴው አልተቀበላትም። ባብና ባልደረቦቹ ቁጭ ብለው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1964፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥና ቤተሰብ ሊያንቀሳቅሰው የሚችል አነስ ያለ ማሽን ሠሩላት። ልጅቷ ዓመታት ተጨመሩላት። ማሽኑም በቤት ውስጥ ለሚደረገው የኩላሊት እጥበት መሠረት ሆነ።

ባብ ያደረገው ትክክል ነበር? ሁሉንም በእኩል ዓይን እዩ የሚለው ቤንታምም ሆነ ካንት እዚህ ላይ ቅር ሊለው ይችላል፤ መሐንዲሱ ሌሎች የተመለሱትን አልፎ ለወዳጁ ልጅ ነው የተነሣው። በ1982 ካሮል ጊሊጋን የተባለች የሥነ ልቦና ምሁር ይህን የፍልስፍና ዝንባሌ ነቀፈች። ሥነ ምግባር የሚጀምረው ከሩቅ ሆኖ ከመፍረድ ብቻ ሳይሆን ከመንከባከብ፣ በአጠገብህ ያለውን ሰው ሕመም ከመስማት ጭምር ነው አለች። የእንክብካቤ ሥነ ምግባር የሚባለው ከዚህ ተነሣ። እኔ የባብን ሥራ የማደንቀው በሌላም ምክንያት ነው። ኮሚቴው አልጋው ያን ያህል ነው ብሎ ተቀብሎ ማን ይግባ ብሎ ጠየቀ። ባብ አልጋው ለምን ያን ያህል ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ስለ ዕጣ ያልኩትን ሁሉ ይህ አያፈርሰውም፤ ግን ዕጣ አወጣን ብለን አርፈን መቀመጥ እንደማንችል ይነግረኛል።

ወደ ጆን ሮልስ እንምጣ። ይህ የሃርቫርድ ፈላስፋ በ1971 የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ። የሚጠይቀን ነገር ይህ ነው፦ ለአገራችሁ ሕግ ልታወጡ ተሰብስባችኋል እንበል። ግን ማን እንደሆናችሁ አታውቁም። ሀብታም ትሁኑ ድሃ፣ ጤነኛ ትሁኑ ሕመምተኛ፣ ልጅ ይኑራችሁ አይኑራችሁ በመጋረጃ ተሸፍኖባችኋል። በዚህ ሁኔታ ምን ዓይነት ሕግ ታወጣላችሁ? ሮልስ እንዳለው በዚህ መጋረጃ ኋላ ያለ ሰው ከሁሉም በታች ያለውን ሰው ቦታ እያሰበ ይደነግጋል፤ ያ ሰው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላልና። እስቲ የኩላሊቱን ጉዳይ በዚህ አስቡት። መጋረጃው ሳይገለጥ፣ ብቸኛና ሥራ የሌለው ሰው ሆናችሁ ልትገኙ እንደምትችሉ እያወቃችሁ፣ የኮሚቴውን መለኪያ ትፈርሙ ነበር? እኔ አልፈርምም።

ሮልስ መጽሐፉን ባወጣበት ዓመት፣ በኖቬምበር 1971፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሼፕ ግሌዘር የተባለ የኩላሊት ሕመምተኛ ለምስክርነት በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ከማሽን ጋር ተያይዞ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ታጠበ። የሕዝብ ተወካዮቹ ስለ ማሽኑ ሲወራ መስማት ብቻ ሳይሆን ደም ሲወጣና ሲመለስ አዩ። በኦክቶበር 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ፣ ኩላሊቱ የሞተ አሜሪካዊ ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ ዕድሜው ምንም ቢሆን፣ የእጥበትና የንቅለ ተከላ ወጪው በመንግሥት የጤና መድን እንዲሸፈን አደረገ። ሰባቱ ሰዎች የሚመርጡበት ምክንያት ቀረ።

ሆኖም ጥያቄው መልኩን ለውጦ መጣ። በዚያን ጊዜ በእጥበት ላይ የነበሩት አሜሪካውያን አሥር ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ወጪው በየዓመቱ በአሥር ቢሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። ለኩላሊት ይህ ከተደረገ፣ ልቡ የደከመው፣ ካንሰር የያዘው፣ ለመድኃኒት ገንዘብ ያጣው ሰው ምን በደለ? እዚህ ላይ የቤንታም ተከታዮች ጥያቄ ዋጋ አለው። በጀት ውሱን ነው፤ ለአንዱ የወጣው ከሌላው የቀረ ነው። አንድን ሰው ከሌላ ሰው ጋር አወዳድሮ ነጥብ መስጠት ያሳፍራል ያልኩት አልተለወጠም፤ ግን አንድ አገር ገንዘቡን በየትኛው ሕክምና ላይ ቢያውል ብዙ ነፍስ እንደሚያተርፍ ማስላት አለበት። ይህን ሳያሰላ የቀረ ሹም ጭካኔውን በክብር ስም ሊሸፍን አይገባውም።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ በኢትዮጵያ የኩላሊት እጥበት ማሽን አለ፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል። ስም የለሽ ኮሚቴ የለንም። የሚመርጠው ግን ኪስ ነው። እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው በገንዘብ እጦት ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ያቆማል፤ ቤተሰብ ቤቱንና ከብቱን ይሸጣል። በቴሌቪዥንም፣ በስልካችንም፣ በታክሲ መስኮትም የእርዱን ጥሪ ታዩታላችሁ።

እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር አንድ ነገር ልመርምር። ጥሪው ሲደርሰን ለማን ነው የምንሰጠው? እኔ በራሴም በማውቃቸው ሰዎችም ላይ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ትንሽ ልጅ ታቅፋ ለምትለምነው እናት እንሰጣለን። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሊይዝ ሲል ለታመመው ወጣት እንሰጣለን። ታሪኩን አሳምሮ ለሚናገር፣ ፎቶው ልብ ለሚነካ፣ ዝነኛ ሰው ለጠራለት እንሰጣለን። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላውን፣ ያላገባውን፣ አንደበቱ የማይፈታለትን የቀን ሠራተኛ እናልፈዋለን። የልጆች ብዛት፣ ትምህርት፣ የወደፊት አገልግሎት። እነዚህ መለኪያዎች የሲያትሉ ኮሚቴ መለኪያዎች ናቸው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን፣ በዋሽንግተንም በሲያትልም በቤሩትም ያሉት፣ ገንዘብ ሲያሰባስቡ የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

ፊቱን ላያችሁት ሰው አትስጡ እያልኩ አይደለም። ባብ የወዳጁን ልጅ ፊት ባያይ ማሽኑን አይሠራም ነበር። የምለው ሁለት እጃችን በሁለት መንገድ ይሥራ ነው። አንዱ ለምታውቁት ሰው ይዘርጋ። ሌላው ደግሞ ለማታውቁት ሰው፣ ሕመምተኞችን በተራ ለሚያሳጥብ የጋራ ቋት ይዘርጋ፤ ገንዘቡ ለማን እንደደረሰ ሳትጠይቁ፣ ተራው እንዴት እንደሚያዝ ግን አጥብቃችሁ እየጠየቃችሁ። ተራውን የሚያወጣው ማን ነው? መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው? ከክፍለ ሀገር የመጣውና ማደሪያ የሌለው ሰው ተራ የሚይዘው እንዴት ነው? በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ማኅበር ካለ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፤ የሰጧችሁንም መልስ ጻፉልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ደብዳቤዎቻችሁን ይዘን፣ ሰው በሕይወት እያለ አንድ ኩላሊቱን ሊሸጥ ይችላል ወይ በሚለው ላይ እንነጋገራለን።